ሳንናገር ዳቦ የማታስቆርሰን አንጓች

የአንጓችን ማረፍ የሰማሁት ጎንደር ፒያሳ ጫማ ሰፊው ዘንድ ተቀምጬ ነው። የግራ ጫማዬ ሶሉ ለቆ ነበርና እሱን እያሰፋሁ፣ እግሬን ሰፊው ባዋሰኝ ሸበጥ ላይ አሳርፌ፣ ከጎኔ ካለች ሴት ጋር ስለ ሽንኩርት መወደድ እናወራለን። ስልኬ ጮኸ። ወንድሟ ነበር፣ ከድብ ባሕር። «እማማ ትርፌ፣ እንግዲህ ምን ልበልዎት» አለና ዝም አለ። ዝም ሲል ገባኝ። ተነሥቼ መንገዴን ሄድኩ። አራዳ ቤቴ በር ላይ ደርሼ ቁልፍ ስፈልግ ነው ዝቅ ብዬ ያየሁት፤ አንድ እግሬ በራሴ ጫማ፣ አንድ እግሬ በሰው ሸበጥ። በማግስቱ ልመልስ ብሄድ ሰፊው ጫማዬን ሰፍቶ፣ ጠርጎ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ አስቀምጦልኛል። ምንም አልጠየቀኝም። እግዜር ይስጠው።

ልቅሶው ላይ ሁሉም ሸጋ ሸጋውን ተናገረ። ትሑት ነበረች፣ ሥራ ወዳድ ነበረች፣ ለሰው ደራሽ ነበረች። ውሸት አይደለም። ግን አንጓች ብትሰማን ምን እንደምትል ስለማውቅ፣ ጥጌን ይዤ ተቀምጬ ልቅሶዬም አላምርልሽ አለኝ። «ሸጋው በኋላ» ነበር የምትለው፤ «የተበላሸው ይቅደም።» ይህንንም የምጽፈው እሷ ባስለመደችን ሥርዓት ነው። ፊደል ያስቆጠረኝ ባለቤቴ ነው፣ መሪጌታ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው፤ እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ነገሬ ወዲያ ወዲህ ቢል አንባቢ ይታገሠኝ።

ወደኔ የመጣችው ቤት ልትከራይ ነው፣ በሩ አጠገብ ያለችውን ክፍል። ሌላ ተከራይ ሲመጣ ውኃ በስንት ቀን ይመጣል፣ በሩ መቼ ይዘጋል ብሎ ይጠይቃል። እሷ ጣሪያውንም ወለሉንም ሳታይ ስለ ሶኬቱ ጠየቀችኝ። ስንት አለ፣ ካውያ ሲሰካ መብራቱ ይወድቃል ወይ፣ ቆጣሪው የግል ነው ወይ የጋራ። በልቤ፣ ይቺ ልጅ ልትኖር ነው ወይስ ወፍጮ ልትተክል ነው የመጣችው አልኩ።

ቀጭን፣ ረዘም ያለች፣ ስትራመድ አንድ ነገር ከፊቷ የሚያመልጣት የምትመስል ልጅ ነበረች። የድብ ባሕር ገበሬ ልጅ ናት፤ በከተማችን ካሉት ኮሌጆች በአንዱ ኮምፒውተር ታስተምራለች። መጀመሪያ እርስዎ ትለኝ ነበር፤ አንድ ክረምት አብረን ካሳለፍን በኋላ እማዬም፣ አንቺም ሆንኩ። ትከሻዋ ላይ ሁልጊዜ አረንጓዴ ሻርፕ ጣል ታደርጋለች። ያ ሻርፕ ከትከሻዋ ወርዶ ወገቧ ላይ ከታሰረ ግን በቃ፣ ነገሩ ተቆርጧል፤ ማንም አይመልሳትም። ጎረቤቴ አያ ፈንታ በአጥር በኩል ያዩዋትና «ዛሬ ታጥቃለች፤ ከመንገዷ ዞር በሉ» ይሉ ነበር።

ሃካቶን የሚባለውን ነገር ከእሷ በፊት ሰምቼው አላውቅም። አንድ ቀን ልብስ እያጠበች አስረዳችኝ። ወጣቶቹ በቡድን በቡድን ሆነው ሁለት ቀን አንድ አዳራሽ ይከታሉ፤ ሕዝቡን የሚያስቸግር አንድ ነገር ይመርጡና በኮምፒውተር መላ ያበጁለታል፤ በመጨረሻ የሠሩትን ያሳያሉ፣ ዳኛ ይፈርዳል። «ደቦ በይው እማዬ» አለችኝ። ደቦ ከሆነማ ጠላውን ማን ይጠምቃል አልኳት። ሣቀች፤ «እኔ ነኛ ጠማቂዋ» አለች። አዘጋጇ እሷ ነበረች ማለት ነው። አዳራሽ የምትለምን፣ ምሳ የምታስተካክል፣ ዳኛ የምትጠራ፣ መብራት የምትጠብቅ እሷ። ሰው ደቦ ላይ የሚያየው አጫጆቹን ነው፤ ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ጉድ ጉድ ያለችውን ሴት ማን ያያል።

እሷን የሚያንገበግባት ግን ሌላ ነበር። ጎንደር ላይ ሁሉም ኮምፒውተር በአንድ መስመር ተሰክቶ መብራቱ ወደቀ፤ የልጆቹ ሥራ ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ ዳባት ላይ እንደዚያው ሆነ። አንዱ ቦታ ላይ ዕለቱ የጾም ቀን መሆኑ ተረስቶ ምሳው የፍስክ ቀረበና ልጆቹ ጦማቸውን ዋሉ፤ ሌላው ጋ የክብር እንግዶች ንግግር ጠዋቱን ጨርሶት ልጆቹ ሥራ የጀመሩት ከምሳ በኋላ ነው። አንዱ ያበላሸውን ሌላውም መልሶ ያበላሸዋል። ምነው ሲባል ማንም ለማንም አልነገረማ። እንግዲህ የሷ ሐሳብ በየከተማው ሃካቶን የሚያዘጋጁትን ሰዎች ሰብስቦ እርስ በርስ እንዲማማሩ ማድረግ ነበር። ማኅበር ልታቆም ፈለገች። አዳራሽ የሚሰጣት ስታጣ የኔን ግቢ ለመነችኝ። ከሾላው ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ደርድረን ጠበቅናቸው።

መጡ። ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከዚሁ ከጎንደር። ከከተማችን ሌላ ኮሌጅ መምህር አዛናው የሚባል መጣ፤ ከራቫት የማይለየው፣ ንግግሩ እንደ ዜና አንባቢ የሚፈስ ጎልማሳ። መጀመሪያ የተነሣው እሱ ነው። ውድድሩ በታቀደው መሠረት በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል፣ ተሳታፊዎችም የተሰማቸውን ደስታ ገልጸዋል አለ። ከሱ ቀጥሎ የተነሣውም ያንኑ አለ። ሦስተኛውም። እኔ ውኃ እያቀረብኩ ስሰማ፣ ይኸን አገር እግዜር ባርኮታል፣ አንድ የተበላሸ ነገር የለም አልኩ። ተጨባበጡ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ።

አንጓች ወንበሩን ሳታነሣ ተቀመጠች። «እማዬ፣ እነዚህ ሰዎች ምንም አልነገሩኝም።»

«ምነው ልጄ፣ ይኸን ሁሉ ሰዓት ሲያወሩ?»

«ሸጋ ሸጋውን ነዋ። ሸጋውማ ከፎቶው ላይም ይታያል።»

በሚቀጥለው ጊዜ የመጡት ከግማሽ ያነሱ ነበሩ። የከርሞ ሰው ይበለን ብዬ ነገሩ እዚያው ይቀራል ስል፣ የኛ የማርያም ማኅበር ተራ እኔ ላይ ደረሰ። አንጓች ሰሐን ልታቀብል አብራን ዋለች። ያን ለት ሁለት ማኅበርተኞች በዶሮ ምክንያት ተኳርፈው ነበር፤ የአንዷ ዶሮ የሌላዋን ጎመን ጭራባት። አያ ፈንታ የማኅበራችን ሙሴ ናቸው፤ ሙሴ ማለት የማኅበሩ አለቃ ነው። ዳቦው ቀርቦ ቄሱ ቢላውን ይዘው ሳሉ አያ ፈንታ እጃቸውን አነሡ። የተጣላ ሰው አለና አይቆረስም አሉ። ሥርዓቱ ነው። ተጣልቶ ከአንድ ጽዋ አይጠጣም፣ ከአንድ ዳቦ አይበላም። ሴቶቹ አንዷ ወደ ግድግዳው፣ አንዷ ወደ በሩ እያዩ ትንሽ ቆዩ። ዳቦው ይሸታል፤ ሁላችንም ከቅዳሴ ነው የመጣነው፣ ርቦናል። በመጨረሻ ባለዶሮዋ «እንግዲህ ዶሮዬን አስሬ ላሳድራት?» ስትል ሌላዋ ሣቅ አመለጣት። ሳቁ አስታረቃቸው፤ ተቆረሰ።

ዞር ብዬ ባይ አንጓች ሰሐን እንደያዘች በር ላይ ቆማለች። ሻርፗ ወገቧ ላይ ነው።

ሰዉ ሲሄድ አያ ፈንታ ዘንድ ቀረበች። ይኸን ሥርዓት ልትዋሳቸው እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ደነገጡ። «ምነው ልጄ፣ የማርያምን ሥርዓት ለኮምፒውተር?»

«ለኮምፒውተሩ አይደለም አያ ፈንታ፤ ለሰዎቹ ነው።»

አያ ፈንታ ብዙ አሰቡ። ጽዋው አይነካም አሉ፤ ጽዋው የማርያም ነው። ዳቦ ግን የማንም ነው፤ ዳቦውን ውሰጂ አሏት። አክለውም እኔም መጥቼ አያለሁ አሉ፤ ለሥርዓቱ ተጨንቀው ይሁን ለዳቦው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ደግማ ጠራቻቸው። እየደወለች፣ እየለመነች፣ አንዳንዱን ቢሮው ድረስ ሄዳ። በአንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከሾላው ሥር ተቀመጡ። ድፎ ዳቦ አስጋግራ መሐል ላይ አኖረችው፤ ቢላውን አጠገቡ። ከዚያ ሕጉን ተናገረች። ሃካቶን ያዘጋጀ ሰው ሁሉ ከሠራው ውስጥ አንድ የተበላሸ ነገር ይናገራል፤ ሳይነገር ዳቦው አይቆረስም።

አንዱ ስልኩን ያያል፣ አንዱ ሾላውን። ዳቦው እየበረደ ነው። አያ ፈንታ ከዱላቸው ላይ ተደግፈው «እኔ ኮምፒውተር ነክቼ አላውቅም፤ ቁርስም አልነካሁ። እኔን ምን አድርግ ትላላችሁ?» አሉ። ትንሽ ተሣቀ፤ ግን ማንም አልጀመረም።

አንጓች ተነሣች። «እንግዲያው የኔን ስሙ» አለች።

የተናገረችው ይኸ ነው። ባለፈው ባዘጋጀችው ሃካቶን ከደባርቅ የመጡ ሴቶች ልጆች ነበሩ፤ መሪያቸው ይታይሽ የምትባል ተማሪ። እናቶች እህል በጀርባቸው አዝለው ወፍጮ ቤት ድረስ ይሄዳሉ፤ ሲደርሱ መብራት የለም፣ ተሸክመውት ይመለሳሉ። እነይታይሽ፣ ባለወፍጮው አንድ መልእክት ሲልክ በአካባቢው ሴቶች ስልክ ሁሉ፣ በትንሿ ባለቁልፍ ስልክም ጭምር፣ «ዛሬ ይፈጫል» የሚል እንዲደርስ አድርገው ሠሩ። እዚያው አዳራሽ ውስጥ ሞክረው አሳዩ፤ የተቀመጠው ሰው ስልክ ሁሉ ጮኸ። ዳኞቹ እነሱን አንደኛ አሉ። ግን ከክብር እንግዶቹ አንዱ ያመጣቸው ልጆች ነበሩ፤ ሥራቸው አልሄደላቸውም፤ እንግዳው ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጧል። አንጓች ወረቀቱን ይዛ መድረክ ላይ ወጣች፤ ያን ሰው አየች፤ ይሉኝታ ያዛት። «ዘንድሮ ሁሉም አንደኛ ነው» ብላ ወረደች። ሁሉም አጨበጨበ። ይታይሽ ግን ኮምፒውተሩን ዘግታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ትምህርቱንም ትታ እናቷ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣለች አሉ።

«የወደቀ መብራት ይመለሳል» አለች አንጓች። «ያቺን ልጅ ግን ማን ይመልሳት? ይኸ ነው የኔ።» ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ አፋቸው ተፈታ። የዳባቱ የመብራቱን ነገር ተናገረ፤ ሌላው የጾሙን ምሳ፤ አንዷ ከገጠር ለመጡ ሴቶች ልጆች ማደሪያ ሳታዘጋጅላቸው አመሻሽ ላይ ሲያለቅሱ ያገኘቻቸውን። አንዱ ሲናገር ሌላው «እኔም እኮ!» ይላል። ሥራው ሲጠፋ ምን አደረጋችሁ፣ ለእንግዶቹ ንግግር እንዴት ብላችሁ እምቢ አላችሁ፣ እየተባባሉ ተያያዙት። እኔ እንኳ ያን ለት ብዙ ነገር ተማርኩ፤ ሰርግ ለሚደግስ ሁሉ የሚሆን ነው። ተራው አዛናው ላይ ሲደርስ ከራቫቱን አስተካከለና በበኩሌ የተበላሸ ነገር አላስታውስም አለ። ቀጠሮ አለብኝ ብሎ፣ ዳቦው ሳይቆረስ ተነሥቶ ሄደ። አያ ፈንታ ከኋላው እያዩ፣ ይኸ ሰው ርቦት ነው የሄደው አሉ።

በዚያ ሳምንት አንጓች ደባርቅ ሄደች። የይታይሽ እናት የለችም አሏት፤ የልጅቱ ጫማ ግን በሩ ላይ ነው። ተመለሰች። እንደገና ሄደች። ተዪ ልጄ፣ የልጅ ኩርፊያ በጊዜው ይለቃል ብላት አልሰማችኝም፤ ሻርፑ ወገቧ ላይ ነበራ። አንድ ቀን ይታይሽ ራሷ ከሱቁ ወጣች። በኋላ አንጓች እንደነገረችኝ ሰላምታም አልሰጠቻት።

«ቲቸር፣ ምነው እንደ ሕፃን አባበሉን? ካላሸነፋችሁ አላሸነፋችሁም አይሉንም ነበር?»

«አሸንፋችሁ ነበር» አለቻት አንጓች። «ፈርቼ ነው።»

«እንግዲያው እዚያ ሰው ፊት ይበሉት።»

አንጓችም እንዳለቻት አደረገች። በሚቀጥለው ስብሰባ ይታይሽን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ዳኞቹ የፈረዱትን በሰው ሁሉ ፊት ተናገረች፤ ይቅርታም ጠየቀች። ነገሩ ከዚያ የክብር እንግዳ ጆሮም ደረሰ መሰለኝ፣ አንጓችን በሥራ ቦታዋ ጥቂት ጊዜ ፊት ነሥተዋት ነበር። ስለሱ አንድም ቀን አላማረረችም። ይታይሽ ትምህርቷን ቀጠለች፤ ከማኅበሩ የማትቀር ሆነች።

ማኅበሩም ሥር ያዘ። በስልክ ግሩፕ ነበራቸው፤ አንዱ ከተማ ሃካቶን ሊያዘጋጅ ሲል ሌሎቹ በድምፅ ይመክሩታል። ዋዜማውን ሁሉንም ኮምፒውተር በአንዴ ሰክታችሁ ሞክሩ፤ ንግግሩን ወደ መጨረሻው ውሰዱት፤ ለተሸነፈው ምን እንደጎደለው ለብቻው ንገሩት። ኔትወርክ የጠፋ ጊዜ ደግሞ አንጓች መናኸሪያ እየሄደች ለተሳፋሪ ቃል ታቀብላለች። መንገድ ሲዘጋ ትጠብቃለች፣ ሲከፈት መጀመሪያው መኪና ላይ ናት። ስብሰባው አንድ ሰው ብቻ የመጣበት ጊዜ ነበር፤ ለሱም ዳቦ አስጋገረች፤ እሱም የተበላሸውን ተናግሮ በላ። አዛናውም ይመጣል፤ ያዳምጣል፣ ይጽፋል፣ ቢላው ሊነሣ ሲል ቀጠሮ ያስታውሰዋል። አንጓች አንድም ቀን አልነካችውም። ተዪው እማዬ፣ እየመጣ ነው ትለኝ ነበር።

እንግዲህ ጥፋቷን ልጽፍ ብዬ የለ፤ ደረስኩበት።

በአንድ ስብሰባ መጨረሻ ይታይሽ ተነሥታ የሚመጣው ደባርቅ ይሁን፣ እኛ እናዘጋጅ አለች። አንጓች ፈገግ ብላ «ትንሽ ቆዩ» አለቻት። ከዳባትም እንደዚያው ተጠየቀች፤ ትንሽ ቆዩ። እሷ ጠሪ፣ እሷ ዳቦ አስጋጋሪ፣ የሰዉ ሁሉ ስልክ እሷ ዘንድ፣ ቦታው እዚሁ ግቢ። በዚያ ላይ ከስታ፣ ፊቷ ጠቁሮ፣ ወገቧን እየያዘች ትሄድ ጀምራለች። አንድ ቀን ልብስ እያሰጣች ሳለ አልኳት፦ «ስጫቸው እንጂ ልጄ፤ አንቺ ደክሞሻል።»

«ያበላሹታል እማዬ።»

ይህን ብላ ልብሷን ማስጣት ቀጠለች።

ሕመሙ የኩላሊት ነበር። ሆስፒታል ተመላልሳ ሲበረታባት እናቷ ዘንድ ድብ ባሕር ገባች። ብርቱካን ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ። እናቷ ከመደቡ አጠገብ በርጩማ ሰጡኝ። አንጓች በትራስ ተደግፋ፣ ሻርፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ስለ ሕመሟ ስጠይቃት፣ ተኝታ ሳለች በስልክ ስለጠራችው ስብሰባ መለሰችልኝ። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ አዛናው ዳቦ በላ ወይ። አልበላም አልኳት።

«እኔ ባልኖር ይበተኑ ይሆን?» አለች። ድምፅዋ ተለወጠ። እንደዚያ ፈርታ አይቻት አላውቅም። ለመሞቷ አይመስለኝም፤ ለዚያ ነገር ነው።

ምን ሆነሽ ትሞቻለሽ ብዬ እንደ ሰው ሁሉ ልሸነግላት ስል እጄን ያዘችኝ። «እማዬ፣ እንደ ሌላው ሰው ሸጋ ሸጋውን እንዳታወሩብኝ። የኔን የተበላሸውን አንቺ ተናገሪልኝ።»

«የቱን ልናገር?»

«ታውቂዋለሽ» አለችኝ። ብርቱካን ላጥኩላት፤ አንድ ፍሬ ብቻ በላች።

አርባዋ ወጥቶ፣ በሳምንቱ እሑድ ማኅበርተኞቹ ግቢዬ መጡ። ማን እንደጠራቸው አላውቅም፤ አንዱ ለሌላው ነግሮ ነው። ዳቦውን እኔ አስጋገርኩ። ከሾላው ሥር ተቀመጡ፤ የሷን ቦታ ማንም አልተቀመጠበትም። መምህር አዛናው ተነሣና ማመስገን ጀመረ። ሸጋ አድርጎ ተናገረ፤ ሴቶቹ አለቀሱ። ሌላውም ቀጠለ፣ ሌላውም። ከዚያ አንዱ፣ እንግዲህ የሚቀጥለውን ማን ይጠራል አለ። ተያዩ። የሰው ሁሉ ስልክ ያለው አንጓች ዘንድ ነው። አዳራሽ ሲያስፈልግ ማንን እንደምትለምን የሚያውቅ የለም። ተረኛው ማን ነው ሲባል ተረኛ የሚባል ነገር የለም። አንዱ ቀስ ብሎ፣ እስቲ ለጊዜው ይቆይ፣ በኋላ እንነጋገራለን አለ። እሺታቸውን በአንገታቸው መነቅነቅ ጀመሩ። በአገራችን ለጊዜው ይቆይ የተባለ ነገር የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንዱ ቦርሳውን አንሥቷል።

የቱን እንደምናገር ያን ጊዜ ገባኝ።

«ተቀመጡ» አልኩ። «ዳቦው አልተቆረሰም።»

ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። የአንጓችን አደራ ልናገር ነው አልኳቸው። ማኅበር የሚባለው ይዞራል። የኛ የማርያም ማኅበር ከቤት ቤት እየዞረ ስንቱ ሞቶ፣ ስንቱ ተሰዶ፣ እሱ አልሞተም። የአንጓች ማኅበር ግን ከዚህ ግቢ ወጥቶ አያውቅም። ደባርቅ ለምና ነበር፣ ዳባት ለምና ነበር። ያበላሹታል ብላ ፈርታ ነው። «የተበላሸ አያሳፍርም ብላ እናንተን ያስተማረች ልጅ፣ የናንተን ማበላሸት ግን ፈራች። ጥፋቷ ይኸ ነው። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ተናገሪልኝ ብላኝ ነው።»

አያ ፈንታ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ይታይሽ ተነሥታ ወደ ዳቦው ሄደች፤ ቢላውን አንሥታ ለኔ ሰጠችኝ። ቆረስኩ። እሷ ደግሞ ሌማቱን እንዳለ ከነልብሱ አቀፈችው። «የሚቀጥለው ደባርቅ ነው» አለች፤ «ማንንም አላስፈቅድም።» ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሠረች። ከየት እንደተማረችው ሁላችንም አወቅን።

ወሩ ሳያልቅ እኔና አያ ፈንታ ደባርቅ ሄድን። አያ ፈንታ መንገዱን ሁሉ ሾፌሩን ቀስ በል እያሉ አሰለቹት። ብርዱ አጥንት ይገባል። ይታይሽ ከእናቷ ሱቅ ጀርባ ባለው ግቢ ወንበር ደርድራ ጠበቀችን። ሌሎቹም መጡ፣ ከዳባትም፣ ከጎንደርም፤ አዛናው ካፖርቱን ከከራቫቱ ላይ ደርቦ መጣ። ሌማቱ ቀረበ። ይታይሽ ልብሱን ገለጠችው፤ ዳቦው ከሥሩ እንደ ከሰል ሆኗል።

«እንግዲህ እንደምታዩት» አለች፣ ፊቷ ቀልቶ፤ «ስልክ ስደውል ረስቼው አረረ። የደባርቅ የመጀመሪያው ይኸው።»

ሣቅ ሆነ። አያ ፈንታ፣ ጥርስ ለሌለው ሰው ይህም ተፈረደበት አሉ። ሣቁ ሳያልቅ ከወዲያ በኩል አንድ እጅ ወጣ። አዛናው ነው። ተነሣ፤ ከራቫቱን ሊያስተካክል እጁን ሰደደና ተወው።

«በኔ ውድድር ላይ አንደኛ የወጣው የእኅቴ ልጅ ነው» አለ። «ዳኞቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ግን ሳልናገር መሄድ አልቻልኩም።»

ቆሞ ቀረ። ምን እንደሚደርስበት የሚጠብቅ ይመስላል። የደረሰበት ነገር ቢኖር ከዳባት የመጣው ልጅ፣ እንግዲያው ዳኛ ከሌላ ከተማ ይምጣ፣ እኛ እንልክላችኋለን ማለቱ ነው። ሌላዋ ደግሞ ያ ሁለተኛ የወጣው ልጅ የት ነው፣ ሄደው አነጋገሩት ወይ አለችው። አላነጋገርኩትም፣ እሄዳለሁ አለ። ይታይሽ ቢላውን በስለቱ በኩል ይዛ እጀታውን ዘረጋችለት። «ይቁረሱት፣ መምህር።»

ያረረው ቆዳ አስቸግሮት በሁለት እጁ ቆረሰ። ለኔ የደረሰኝ ከሥሩ ነው፤ መራራ ነበር፤ ሳላስተርፍ በላሁት። አያ ፈንታ እያኘኩ፣ ተረኛው ማን ነው አሉ። እንደ ሙሴ ነው የጠየቁት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«እኔ» አለ አዛናው። አፉ በዳቦ ተሞልቶ ነበር።